ውሃውን ያፈሰስኩልሽ እኔ ነበርኩ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ ጉዴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ብዕሩን አነሳሁና አፈርኩ። ጎጆ ከተማ ብርድ ውስጥ የከተትኩሽ እኔ ሆኜ ጤናሽን የምጠይቀው በየትኛው አፌ ነው? እንግዲህ ካፈርኩ አይመልሰኝ፣ ዝም ብዬ ልጻፈው። ከፈለግሽ ግማሹን አንብበሽ እሳት ውስጥ ጨምሪው፤ ቢያንስ እጅሽን ያሞቅልሻል።

ያለሁት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ፊት ለፊት ያለች አጭር የድንጋይ አጥር ላይ ነው። ወንድሜን ረዲን ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ አስገብተውታል፤ አሁን አምስት ሰዓት አልፏል። ሁለቴ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ዘበኛው «እቴ፣ በሩ ስላፈጠጥሽበት አይከፈትም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ እነሳለሁ፣ ዛፉን እዞራለሁ፣ ተመልሼ ሌላ መስመር እጽፋለሁ። ጽሕፈቴ ቢጣመምብሽ ለዚያ ነው።

«ደግሞ ለምን ገባ?» ትያለሽ። እሱን ልነግርሽ አይደል የተቀመጥኩት።

ሰኔ ላይ የሆነውን አንቺም ታስታውሻለሽ። ወንድሜ ከጎጆ ድንች አስጭኖ ሲመለስ መኪናው ጭቃ ላይ አጋደለና ከጆንያው አናት ወረወረው። በሳንቃ ላይ አጋድመው ያመጡት እኛ ቤት ሳይሆን አንቺ ዘንድ፣ ጤና ጣቢያ ነበር። እግሩን በመርፌ ስትነኪው አይሰማውም። እኔ ሱቁን ክፍቱን ትቼ እየጮህኩ ስደርስ፣ አንቺ ቀና ሳትይ «ሹኩ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ጩኸቱን ለኋላ አቆዪልኝ፤ አሁን ያንን ትራስ አቀብዪኝ» አልሽኝ። በዚያ ጭንቀት መሃል ሳቄ ሊመጣ ነበር።

አዲስ አበባ ስንወስደው እስከ መኪናው ድረስ ሸኘሽን። አምቦ ከመምጣትሽ በፊት ሰባት ዓመት ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ እንደሠራሽ ያን ቀን ነው በደንብ የገባኝ። በመስኮቱ እጄን ይዘሽ፣ «አንድ ነገር ብቻ እንዳትረሺ። ከመክፈታቸው በፊት የአንቲባዮቲክ መርፌው ተሰጥቶታል ወይ ብለሽ ጠይቂ። የጀርባ አጥንት ተከፍቶ ጀርም ከገባበት ማስወጣቱ መከራ ነው። መርፌው ቀድሞ ደሙ ውስጥ ገብቶ ነው ቢላዋውን መጠበቅ ያለበት። ከቢላዋው በኋላ ሲሆን፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው» አልሽኝ።

ጠየቅኩ። ዶክተሩ ሳቁና «ተሰጥቶታል፣ ሰዓቱም ይኸው ተጽፏል። ማን ነው ያስተማረሽ?» አሉኝ። «አምቦ ያለች ጓደኛዬ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ያኔ በአንቺ እንዴት እኮራ ነበር መሰለሽ! እህቴ ብትሆኚ እንደዚያ አልኮራም።

መርፌውም ሥራውን ሠራ። ነርቩን የተጫነውን ስባሪ አጥንት አወጡለት፣ ቁስሉ ንጹሕ ሆኖ ተሰፋ፣ በአሥረኛው ቀን ይዘነው መጣን። የግራ እግሩ አውራ ጣት ነቅነቅ ስትል እናቴ መርየም እልልታውን ለቀቀችው፣ ጎረቤት ሠርግ ያለ መስሎት መጣ። ዶክተሩ ደግሞ ያንን ቀይና ጥቁር የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ሰጥተውን ነበር፤ በየስድስት ሰዓቱ እንዲውጥ፣ አንድም ሳይዘል።

ከዚያ በኋላ ያደረግሽልንን የምረሳው ስሞት ነው። በየማለዳው ሥራ ከመግባትሽ በፊት ትመጪ ነበር። «አካም ቡልቴ፣ ረዲ!» ብለሽ አዳሩን ትጠይቂዋለሽ፤ በሆዱ እንደተኛ «ናጋ፣ ደህና» ይልሻል። እኔ የውዱእ ማንቆርቆሪያችንን አንስቼ ውሃ አፈስልሻለሁ፣ አንቺ እስከ ክርንሽ ድረስ በሳሙና ትታጠቢያለሽ። ሦስት ጊዜ! «ጉዴ፣ ሶላት ልትሰግጂ ነው እንዴ?» እያልኩ አሾፍብሽ ነበር። «ከእናንተ ኢማም እኔ እብሳለሁ» ትይኛለሽ። ከዚያ ያቺን ሕግሽን ትደግሚልናለሽ፦ «ቁስሉን ከእኔ የጎዝ ጨርቅ በቀር ምንም አይንካው። ቅቤም፣ ዱቄትም፣ ዱዓ የተደረገበት ውሃም። ዱዓው ይድረሰው፣ ውሃው ግን ይቅር።»

እናቴ ግን አልገባትም። አንቺ እንደወጣሽ፣ «ቁስሉ ያለው ጀርባው ላይ፤ መድኃኒቱን የምትሰዱት ወደ ሆዱ! ምን አገናኛቸው?» ትላለች። ሁልጊዜ በእሷ ላሳብብ አልፈልግም፤ እኔም ነገሩ እውነት መሰለኝ። ልጆች ሳለን ጉልበታችን ሲላጥ እናቴ ካፕሱል ከፍታ ዱቄቱን ትነሰንስብን ነበር። በሦስተኛው ቀን ድርቅ ይል ነበር። እኛ ሰፈር ይህን የማያደርግ ቤት ካለ እስቲ ጥሪልኝ። እኔ ራሴ ሱቅ ውስጥ ስንቱን «ፈልፍለህ ነስንስበት» ብዬ መክሬያለሁ።

እናም ጉዴ፣ ነሰነስኩበት። አንዱን ለሆዱ፣ አንዱን ለጀርባው። ፍትሕ ያደረግሁ መስሎኝ! አንቺ ሥራ ቦታሽ ስትሆኚ ፋሻውን በቀስታ አነሳለሁ፣ ካፕሱሉን በጥርሴ እከፍታለሁ፣ እነሰንሳለሁ። አንቺ የምትለጥፊበትን አኳኋን አጥንቼ እንደነበረ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ማለዳ ከመምጣትሽ በፊት ደግሞ ዱቄቱን እንዳታዪብኝ በሻሼ ጫፍ እጠርገው ነበር። በሻሼ! ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ላቤን በምጠርግበት ሻሽ።

ረዲ እንዴት ዝም አለ ትይኝ ይሆናል። የመጀመሪያ ቀን «ምን እያደረግሽ ነው?» ብሎኝ ነበር። «ጉዴ ናት ያዘዘችው» አልኩት። በእኔ ስም ቢሆን እሺ አይልም፤ አንቺን ግን ያምንሻል። በስምሽ ነገድኩ።

አንድ ቀን ከፋሻው ጠርዝ ላይ ብናኝ አየሽ። «ይህ ምንድን ነው?» አልሽኝ። «የሕፃን ፓውደር ነው፤ ላብ እንዳይበላው ጎኑን ቀባሁት» አልኩሽ። ዓይኔን ትክ ብለሽ አየሽኝ። «ሹኩ፣ ካፕሱሉን በሙሉ እየዋጠ ነው?» «ወላሂ!» አልኩሽ። ወላሂ ብዬ ማልኩልሽ እኮ ጉዴ! አንቺም ሌላ ነገር አልጠየቅሽኝም፣ ጎዝሽን ቀይረሽ ሄድሽ።

ቆይ፣ በሩ ተከፈተ መሰለኝ።

አይደለም። የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ባልዲዋን ይዛ አለፈች። «ልጄ፣ ሻይ ጠጪ» አለችኝ። ሻይ እንዴት ይወርድልኛል?

ወዲህ ልመለስ። ላዩ ደረቀ። እኔም በልቤ «ይኸው፣ ማን ያውቃል ታዲያ?» እያልኩ ተኩራራሁ። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ትኩሳቱ ጀመረው። አንቺ በጣትሽ ጫፍ ዙሪያውን ጫን ጫን አድርገሽ ፊትሽ ተለወጠ። «ላዩ ነው የደረቀው፣ ከሥር መግል ይዟል። ዛሬውኑ አዲስ አበባ ውሰዱት» አልሽ። እናቴ «ሁለተኛ ለቢላዋ አልሰጥም!» ብላ እግሯን ተከለች። ከዚያ ዞራ «ልጄን የነካብኝ ማን ነው?» አለች።

«ከጉዴ በቀር ማንም አልነካውም» አልኩ።

ምላሴን ይቁረጠው! ያን ጊዜ እንኳ ነገሩ ከዚያ የሚያልፍ አልመሰለኝም፤ የእናቴን ዓይን ከእኔ ላይ ማንሳት ነበር የፈለግኩት። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እናቴ ለጎረቤት ነገረች፣ ጎረቤት ለገበያው። እኔም በተጠየቅኩ ቁጥር ደገምኩት። ስደግመው ስደግመው ለራሴም እውነት መሰለኝ። እውነት እንዳልመሰለኝ ደግሞ አውቃለሁ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ነሐሴ ላይ ያ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ሆነ። ሊቀመንበሯ «ሂስ ያላት?» አለች። እጄን ማን እንዳነሳው አላውቅም። «ሲስተር ጉዴ እጇን ሳትታጠብ የወንድሜን ቁስል እየነካች መርዛዋለች» አልኩ። ግለ ሂስ እንድታደርጊ ጠየቁሽ። ነጭ ጋወንሽን እንደለበስሽ ተነሳሽ። አልጮህሽም፣ አልሰደብሽኝም።

«እጄን ታጥቤ ነበር። ሹኩሪያም ታውቃለች፤ ውሃውን የምታፈስልኝ እሷ ነበረች» አልሽ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትጠበቅብኝ። እኔ ግን መሬት መሬት አየሁ።

አቶ አሻግሬ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ «ለሥራው ሲባል» ብለው ጎጆ ወዳለው ክሊኒክ አዛወሩሽ። የሄድሽ ቀን ፍራሽሽን መኪና ላይ አስጭነሽ ሱቃችን በር ላይ ቆምሽ። «ሹኩ!» አልሽ። ሁለት ጊዜ ጠራሽኝ። እኔ ከጨው ጆንያው ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ትንፋሼን ይዣለሁ። ከዚያ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ወደ ጓሮ፣ «እማማ መርየም፣ እኔን ተዉኝ፣ ረዲን ግን ውሰዱት! ማሎ፣ ውሰዱት!» አልሽ። ያን ያህል ተበድለሽ፣ የመጨረሻ ቃልሽ ለወንድሜ ነበር። ከጆንያው ጀርባ ስወጣ መኪናው ሄዷል።

አልወሰድነውም። ሰፈር ውስጥ መርፌ አስወጋነው፤ ትኩሳቱ ይተወዋል፣ ይመለሳል። ጥቅምት ላይ ጠባሳው ራሱ ፈነዳ። ሽታውን አልነግርሽም፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ያቺ የግራ አውራ ጣት ዝም አለች። ረዲም «ጉዴን እንደ እህት አምኛት ነበር» አለ፣ አንድ ቀን። እኔ ሾርባ እያጎረስኩት ነበር። ማንኪያው ከእጄ አልወደቀም። ይገርምሻል፣ አጉርሼ ጨረስኩ።

ትናንት እዚህ ደረስን። ዶክተሩ ያው የፊተኛው ናቸው። «የሰጠሁትን ካፕሱል ጨርሷል?» አሉኝ። «ጨርሷል።» «አንድም ሳይዘል?» «አንድም።» የራጅ ፎቶውን በመስኮቱ ብርሃን ላይ አገላብጠው አዩት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «መድኃኒቱን በሙሉ ወስዶ እንዲህ ከሆነ፣ ነገሩ ከውጭ የገባ አይመስልም። በሽታው ከአጥንቱ ከራሱ ሊሆን ይችላል፤ የአጥንት ቲቢ እጠረጥራለሁ። የተበላውን አጥንት ጠርበን ማውጣት ይኖርብናል።»

«ከዚያ በኋላ ይቆማል?» አልኩ።

«ለመቆሙ ዋስትና አልሰጥሽም» አሉኝ።

ሌሊቱን እንዴት እንዳደርኩ ሰውነቴ ይናገር። እውነቱ አፌ ድረስ ይመጣል፣ እውጠዋለሁ። ብናገር ረዲ ይሰማል፣ እናቴ ትሰማለች፣ አምቦ ይሰማል። ባልናገር ደግሞ ጤነኛ አጥንቱን ሊጠርቡት ነው።

ዛሬ ጠዋት ቃሬዛው ላይ በሆዱ አስተኝተው ሲገፉት ጎን ጎኑን እየሮጥኩ በሩ ላይ ደረስኩ። ዶክተሩ ቆመዋል። አፌ ሌላ ነገር አጥቶ ያንኑ የአንቺን ጥያቄ ጠየቀ፦ «መርፌው ተሰጥቶታል?»

ዶክተሩ ፈገግ አሉ። «ልንሰጠው ነው። ያቺ የአምቦዋ ጓደኛሽ ዛሬም ልካሻለች?»

ጉዴ፣ አልላከችኝም፣ አባርሬያታለሁ ልበላቸው? የቃሬዛውን ብረት ይዤ ቀረሁ። «ዶክተር፣ አልጨረሰም» አልኩ።

«ምኑን?»

«ካፕሱሉን። የዋጠው ግማሹን ነው። ግማሹን እየከፈትኩ ቁስሉ ላይ ነሰነስኩት። በሻሼም ጠረግኩት።»

አጠገባቸው ያለችው ነርስ «ኤዲያ!» አለች። እሳቸው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አወለቁ። «ስንት ቀን?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ሐኪም ያየው ነበር?» «ጉዴ ታየው ነበር። እሷ ምንም አልነካችም። ደብቄያት ነው።» ወደ ነርሷ ዞረው፣ «ያዘጋጀሽውን መርፌ ተዪው። ግማሽ በግማሽ የለመደ ጀርም ያንን አይፈራም፤ ሌላውን አምጪ፣ አሁን ይሰጠው። አጥንቱን ለመጥረብ አንቸኩልም። መግሉን አጥበን በዓይናችን እናየዋለን፣ ናሙናውም ላቦራቶሪ ይሂድ» አሉ። ከዚያ ለእኔ፣ «ከመክፈታችን በፊት መናገርሽ ነው ደጉ» አሉኝና ገቡ።

ረዲ ግን አንገቱን ጠምዝዞ አየኝ። ፊቱ ላይ ደም የለም።

«ጉዴ አዝዛለች አላልሽኝም?» አለኝ።

ገፍተው አስገቡት። በሩ ተዘጋ። ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ የሚደውለው ይኸው ነው። ቢሞትብኝ የመጨረሻ ቃሉ ይህ ሊሆን ነው። ያ ረቢ! ዘበኛው እየጠራኝ ነው፣ ልሂድ።

ኅዳር 22

ጉዴ፣ ደብዳቤውን አልላክሁትም ነበር። ስድስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።

በስምንት ሰዓት አወጡት። በሕይወት አለ፣ አልሐምዱሊላህ። አጥንቱ አልተበላም። መግሉ የተጠራቀመው ጡንቻው ሥር ነበር፤ አጥበው አጥበው አወጡት። የላቦራቶሪው ውጤትም ቲቢ አይደለም፣ ቆዳና ጨርቅ ላይ የሚገኝ ተራ ጀርም ነው አለ። ጨርቅ ሲሉኝ ሻሼን አውልቄ መሸሸጊያ አጣሁ።

ረዲ አምስት ቀን ሙሉ አላናገረኝም። ከእጄ አይበላም። አጠገቡ የተኛ ሰው አስታማሚ፣ አንዲት የጉደር ሴት፣ ታጎርሰዋለች፤ እኔ አልጋው እግርጌ ቆሜ አያለሁ። መቆም ሲያቅተኝ ኮሪደሩን ስለካው እውላለሁ። ነርሶቹ «ያቺ መቀመጥ የማታውቀው» እያሉ ይጠሩኛል አሉ።

ዛሬ ጠዋት ፋሻውን ከፈቱት። ወደ ጎዙ ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ነርሷ ሳቀችብኝ፤ ትሳቅ። ምንም ሽታ የለውም! ዳር ዳሩ ሮዝ ነው፣ ትኩሳቱም ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለም። ያቺ ጣት ግን ገና አልተንቀሳቀሰችም። ዶክተሩ «ጊዜ ስጪው» ይሉኛል፤ እኔ በየሰዓቱ ብርድ ልብሱን ገልጬ አያታለሁ።

ነርሷ ስትወጣ ረዲ «ለጉዴ ጻፍሽላት?» አለኝ። በስድስት ቀን የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

«ጽፌላታለሁ፤ አልላክሁትም።»

«አንብቢልኝ።»

ሁሉንም አነበብኩለት፣ የጨው ጆንያውን ጭምር። ሾርባው ጋ ስደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ስጨርስ፣ «እሷ ዘንድ ቢደርስ ምን ይጠቅማታል? ራሷ የምታውቀውን ነው የነገርሻት። ለአቶ አሻግሬስ?» አለኝ።

ይኸው እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ለአቶ አሻግሬ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ነሰነስኩ፣ ጠረግኩ፣ ዋሸሁ፣ ሲስተር ጉዴ እጇን ታጥባ ነበር፣ ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ ብዬ ፈርሜበታለሁ። ግልባጭ ለሴቶች ማኅበሩ፣ ግልባጭ ላንቺ፤ ከዚህ ጋር ታጥፎ አለ። ወረቀት ብቻውን እንደማይበቃም አውቃለሁ። አምቦ በገባሁ በመጀመሪያው ስብሰባ፣ ያኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ቆሜ በአፌ እናገረዋለሁ። ይሳቁብኝ፣ ይትፉብኝ። ሱቃችን በር ላይ መጥቶ «ነስንሽልኝ» የሚለኝም አይጠፋም፣ የአምቦን ሰው ታውቂው የለም?

ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል ነበር፤ እኔ አርቄም አድርቄም ነው የመጣሁት። ጅቡ ሄዷል፣ እኔ አሁን እጮሃለሁ። ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቅሽም፤ የምትይውን አንቺ ታውቂያለሽ። ግን ረዲ ከአልጋ ሲነሳ የጎጆ ገበያ ቀን ጠብቄ በእህል መኪና እመጣለሁ። ካባረርሽኝ በርሽ ላይ እቆማለሁ። ካስገባሽኝ ማንቆርቆሪያውን አንስቼ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እንደ ድሮው እጅሽ ላይ ውሃ አፈስልሻለሁ። አሁን ደግሞ ተቀምጬ መጻፍ አቃተኝ፣ ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ልሩጥ።

የበደለችሽ ጓደኛሽ፣
ሹኩሪያ

ረዲ «ቆይ፣ ብዕሩን ስጪኝ» አለኝ። በሆዱ እንደተኛ፣ በገዛ እጁ የጻፈው ይህ ነው፦

ጉዴ፣ አካም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ። እጅሽ ንጹሕ ነው። ዶክተሩን አምቦ ስመለስ ከጉዴ በቀር ማንም አይነካኝም ብያቸዋለሁ። ረዲ።